አበባ አይቀቀልም

ኩየራ የድንች አገር ናት። ከአርሲ ነገሌ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት የተጓዘ ሁሉ በማዳበሪያ ተሞልቶ መንገድ ዳር የተደረደረውን ድንች ያውቀዋል። ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ላይ ስለተቀመጠች ምሽቷ ቀዝቃዛ ነው። እኛ ልጆች ሆነን በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ውኃ ልንቀዳ ስንወጣ ሣሩ ላይ የተጋገረውን ውርጭ በባዶ እግራችን እየረገጥን ነበር። ሻሸመኔን አልፎ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ሲደረስ አየሩ ይሞቃል፤ ፓፓያውም ማንጎውም እዚያ ነው። አባቴ ግን ያንን የቆላ አትክልት እኛ ጓሮ ካላበቀልኩ ብሎ የተነሳ ሰው ነበር።

ሥራው በሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አትክልት ቦታ ነው። ሚሲዮን የምንለው የሰባተኛ ቀን አድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን በ1940 ዓ.ም. ገደማ ኩየራ ላይ የከፈተውንና ዛሬ ኢትዮጵያ አድቬንቲስት ኮሌጅ የሚባለውን ነው። እዚያ ዓርብ ፀሐይ ስትጠልቅ ሥራ ይቆማል፤ ቅዳሜ መሬት የሚቆፍር አይገኝም። እናቴ ኦርቶዶክስ ስለሆነች የእሷ ሰንበት እሑድም ተጨምሮ አባቴ በሳምንት ሁለት ቀን ከዶማ ይርቃል። ለእሱ ግን ዕረፍት ማለት የራሱን ጓሮ እየዞሩ ማየት ነበር።

በ1964 ዓ.ም. ክረምት ከመግባቱ በፊት ወንዶ ገነት ደርሶ ሲመለስ በኮቱ ኪስ ጥቂት አረንጓዴ ፍሬ ይዞ መጣ። አቮካዶ የሚባል ነገር ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ሁለቱን ቀን ማንም አልነካውም። ሦስተኛው ቀን ላይ እናቴ አገላብጣ አየችው፤ እንደ ድንች ልጣጭ አለው፣ እንደ ድንች ይጠጥራል። ከድንቹ ጋር ድስት ውስጥ ጨመረችው። ማታ ስንቀምሰው አፍ የማያስገባ መራራ ሆኗል። አቮካዶ እሳት ሲነካው እንደሚመር ያን ጊዜ ማን ያውቃል? አባቴ ሳቀ፤ በሚሲዮኑ መምህራን ቤት እንዴት እንደሚበሉት አይቷልና የቀረውን ፍሬ ጤፍ ጆንያ ውስጥ ቀብሮ አቆየው። ሲለሰልስ ገምሶ ጨው ነስንሶ በዳቦ ቀብቶ ሰጠን። እኔ ወደድኩት። እናቴ «ቅቤ ነው ወይስ ሣር?» አለችና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋችው።

አባቴ ወንዶ ገነትን የመረጠው በደመ ነፍስ አልነበረም። አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው በ1930 ዓ.ም. ገደማ ነው፤ ያስገቡትም የግል አትክልተኞች ናቸው። የተተከለባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው፤ አንዱ በምዕራብ ሐረርጌ በኩል ሂርና፣ ሌላው ወንዶ ገነት። ስለዚህ ከእኛ ቤት የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ በማይሆን ቦታ የአገሪቱ አንጋፋ የአቮካዶ ዛፎች ቆመው ነበር ማለት ነው። የዛፉ ትውልድ አገር ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ለብሶ የሚኖር፣ አበባው የሚበዛ የሞቃት ምድር ዛፍ ነው።

የበላነውን ፍሬ ዘር አባቴ አጠበው፤ ሰፊውን ጎኑን ወደ ታች አድርጎ፣ ሹሉን ጫፍ ከአፈር ትንሽ ብቅ አስብሎ፣ ከሥሩ በተበሳ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ተከለው። ሳምንታት አለፉ፤ ምንም የለም። እኔ በድብቅ እየሄድኩ በጣቴ እነካካው ነበር። አንድ ቀን ዘሩ መሐል ለመሐል ተሰንጥቆ አገኘሁት፤ በስንጥቁ ውስጥ ቀላ ያለ ቡቃያ አንገቱን አቅንቷል። የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች እንደ መዳብ የቀሉ ነበሩ፤ አረንጓዴ የሆኑት ቆይተው ነው።

ችግኙ ከቆርቆሮው ሲወጣ የት ይተከል የሚለው ጉዳይ ቤቱን ለሁለት ከፈለው። እናቴ የድንቹን መደብ አልለቅም አለች። አባቴም መደቡን አልፈለገውም። ጓሯችን ወደ ታች ያዘነብላል፤ ውርጭ ደግሞ በጠራ ሌሊት ቁልቁል እየወረደ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ነው የሚተኛው። በድንቹ ቅጠል አይቶታል፤ ከታች ያለው ተቃጥሎ ሲያድር ከላይ ያለው ይተርፋል። ስለዚህ ችግኙን ከቤቱ ጀርባ፣ ከፍ ካለው ቦታ፣ ቀን ፀሐይ ሲመታው የሚውል የጭቃ ግድግዳ አጠገብ ተከለው። ግድግዳው ቀን የጠጣውን ሙቀት ሌሊት ይመልሳል አለ። ከሥሩ አፈሩን ጉብታ አደረገው፤ ክረምት ውኃ እንዳይቆምበት። አቮካዶ ውርጭን ከሚፈራው ይልቅ የቆመ ውኃን ይፈራል፤ ውኃ በተኛበት አፈር ሥሩ በስብሶ ዛፉ ከጫፉ ጀምሮ ይደርቃል።

የመጀመሪያዎቹ ኅዳሮች አስጨናቂ ነበሩ። ማታ ሰማዩ ከዋክብት በከዋክብት ሆኖ ነፋሱ ጸጥ ካለ አባቴ «ዛሬ ይወርዳል» ይላል። አራት እንጨት ተክሎ ኬሻ ያለብሰዋል፤ ከሥሩ ገለባ ይጎዘጉዛል። ጠዋት ፀሐይ ወጥታ ካልሞቀች በቀር ኬሻውን አያስነሳንም። እንዲህም ሆኖ አንድ ዓመት ጫፉ ጠቁሮ አደረ። እኔ አለቀለት ብዬ ነበር፤ ከጠቆረው በታች ሁለት አዲስ ቅርንጫፍ አወጣና ለሁለት ተከፍሎ አደገ። ፉየርቴ የሚባለው ዝነኛ ዓይነትም ስም ያወጣው በውርጭ ነው። በ1911 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደ ነበር፤ በ1913 የወረደው ከባድ ውርጭ ሌላውን ሲፈጀው እሱ ተረፈ፤ ከዚያ በኋላ ነው ገበሬው ሁሉ የፈለገው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ። ኩየራ ውስጥ ከዚያ ወዲህ ገመድ የማይጎተትበት ማሳ አልነበረም። የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ የእኛም ጓሮ ተለካ። ጓሮው ተረፈልን፤ አንድ ጎረቤታችን ግን መሬት እንደገና ይደለደላል ሲባል በድንበሩ ላይ ያለውን ሁሉ ቆርጦ ሸጠ። ብዙ ሰው ያን ሰሞን ያደረገው ይህንኑ ነው። ነገ የማን እንደሚሆን በማይታወቅ መሬት ላይ የቆመ ዛፍ ዛሬ ማገዶ ቢሆን ይሻላል የሚል ሒሳብ ነው። አባቴን «ባህር ዛፍ ብትተክል በአምስት ዓመት ማገር ይሆንልሃል» ያሉት ብዙ ናቸው። እሱ መልስ አይሰጥም፤ ባህር ዛፍ ግን ከዚያ ጓሮ አጠገብ አላስደረሰም።

ዛፉ ያበበው በ1971 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ ነው። አባቴ ሌሊት ይመስለኛል ያየው፤ ጎሕ ሳይቀድ ቀስቅሶን ወጣን። ሩቅ ሆኖ ለሚያየው አበባ አይመስልም። ነጭም ቀይም አይደለም፤ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ቀርቦ ለሚያየው ግን ቅርንጫፉ ሁሉ ጫፍ ጫፉን በዘለላ ተሸፍኗል፤ በአንዱ ዘለላ ላይ ብቻ ቆጥሬ አልዘለቅኩም። አንድ የጎለመሰ የአቮካዶ ዛፍ በአንድ ወቅት እስከ ሚሊዮን የሚደርስ አበባ ሊያወጣ ይችላል። ንቦች ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስትሞቅ መጡ፤ ጓሮው አንድ ላይ ማጉረምረም ጀመረ። እናቴ እንኳ ቡናዋን እዚያ አውጥታ አፈላች።

ከዚያ ረገፈ። በየቀኑ ከሥሩ ስንጠርገው መጥረጊያው ቢጫ ይሆናል። ጥቂት ጥቂት የበርበሬ ፍሬ የሚያህል ነገር ቋጥሮ ነበር፤ ታኅሣሥ ውስጥ እሱም ረገፈ። በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። በሦስተኛው እናቴ ከድንች መደቧ ቀና ብላ «አንተ ሰውዬ፣ አበባ አይቀቀልም» አለችው። ይህች ንግግር ቤታችን ውስጥ ተረት ሆና ቀረች። ወሬ ብቻ የሚያበዛ ዘመድ ሲመጣም፣ ደመወዝ ይጨመራል እየተባለ ሲቀርም፣ ካድሬ በስብሰባ ላይ የምርት ዕቅድ ሲያነብም እናቴ ቀስ ብላ ታንሾካሹካለች።

በዚያው ዓመት የዛፉን ዕድሜ የሚያሳጥር ሌላ ነገር መጣ። ደረቅ ወቅት ነበር፤ ሣር ጠፍቶ ወንድሜ ረዘም ያሉትን ቅርንጫፎች ገርፎ ቅጠሉን ለምትታለበው ላማችን ጣለላት። በማግስቱ ጡቷ አብጦ አደረ፤ ወተቷ ነጠፈ፤ የወጣውም ውኃ የመሰለ ነበር። እናቴ ቡዳ በላት ብላ አስጨሰች። የአቮካዶ ቅጠል ለከብት፣ ለፍየልም ለፈረስም መርዝነት እንዳለው፣ የምትታለብን እንስሳ ደግሞ ጡቷን እንደሚያቃጥል እኛ የሰማነው ቆይተን ነው። ላሟ ዳነች፤ ወተቷ ግን እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። መጥረቢያው ከግድግዳው ላይ ወረደ። አባቴ «አንድ ዓመት ጨምሪልኝ» አላት። ይህንንም በየዓመቱ ይላት ነበር።

ዛፉን ያዳነው የአክስቴ ልጅ ነው። ወንዶ ገነት ላይ የደን ትምህርት ቤት በ1970 ዓ.ም. ገደማ ተከፍቶ ነበር፤ እሱ እዚያ ገብቶ ይማራል። ለጥምቀት መጥቶ እኛ ቤት አደረ። ዛፉ ዘግይቶ ያበበ ጥቂት ዘለላ ነበረው። ጠዋት ከእናቴ የስፌት ሣጥን ቀይ ክር ለመነና ወጣ።

«እትዬ፣ ይህን ዛፍ ከመቁረጣችሁ በፊት ሁለት ቀን ስጡኝ» አላት።

«ውሰድ ልጄ፤ ስምንት ዓመት የሰጠሁ ሁለት ቀን እነፍጋለሁ?»

ያን ጠዋት የተከፈቱትን አበቦች መርጦ አንገታቸው ላይ ክር አሰረ። እኔን ጠርቶ አንዱን አሳየኝ። ከትልቅ ሽንብራ የማይበልጥ አበባ ነው። መሐሉ ላይ አንዲት ቀጭን ዘንግ ቆማለች፤ ጫፏ ነጭና እርጥብ ነው። ዙሪያዋን ዘጠኝ ክር መሳይ ነገሮች ወደ ውጭ ተለጥጠው ተኝተዋል። «አሁን ሴት ናት» አለኝ፤ «ዘጠኙ ብናኝ የሚሰጡት ናቸው፤ ገና አልተከፈቱም»። እኩለ ቀን ላይ አበባው ተዘጋ። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ክር የታሰረባቸውን ሄደን አየን፤ እንደገና ተከፍተዋል። አሁን ዘጠኙ ቀጥ ብለው ቆመው ብናኛቸውን አውጥተዋል፤ በጣቴ ስነካው ቢጫ ዱቄት ቀረልኝ። መሐል ያለችው ዘንግ ግን ጠውልጋለች። ያው አበባ ትናንት ሴት ነበር፤ ዛሬ ወንድ ሆኗል።

ማታ እሳት ዳር ለአባቴ አብራራለት። የአቮካዶ ዛፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው እንደ እኛው ጠዋት ሴት፣ በማግስቱ ከሰዓት ወንድ ይሆናል። ሁለተኛው የተገላቢጦሽ፤ ከሰዓት ሴት፣ በማግስቱ ጠዋት ወንድ። ሁለቱ በአንድ ሰፈር ከቆሙ ጠዋት የአንዱ ብናኝ ለሌላው ይደርሳል፤ ከሰዓትም እንዲሁ፤ አመላላሿ ንብ ናት። ብቻውን የቆመ ዛፍ ጨርሶ አያፈራም ማለት አይደለም፤ ሙቀቱና ብርዱ ሰዓቱን ሲያዛባው ወንዱና ሴቱ የሚገናኙበት አጋጣሚ አለ። ኩየራ ላይ ግን ጠዋቱ ይበርዳል፤ ንቧ ከቀፎዋ የምትወጣው አርፍዳ ነው፤ የቋጠረውንም የታኅሣሥ ውርጭ ይቀጥፈዋል። ምቹ በሆነ ቦታም ቢሆን ፍሬ የሚሆነው አበባ ከመቶ አንድ አይሞላም።

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ ይህ ዛፍ የጎደለው ጎረቤት ነው» ብሎ ጨረሰ።

አባቴ ወዲያው ተነስቶ ከአጥራችን ማዶ ወዳለው የአርሲ ሽማግሌ ቤት ሄደ። እኒህ ኦቦ የምንላቸው ሰው ሐዋሳ ሐይቅ ዳር የተዳረች ልጅ ነበረቻቸው፤ እሷን ሊጠይቁ ሲሄዱ ችግኝ እንዲያመጡለት ለመናቸው። ከሚስቱ ጋር የተጣላበትን ዛፍ ወንድም አምጡልኝ ብሎ መለመኑ ሰውየውን አሳቃቸው። ችግኙ መጣ፤ የተተከለውም በእሳቸው ጓሮ፣ እንደ እኛው ግድግዳ ተጠግቶ ነው። ያ ችግኝ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አበባ ሳይዝ የሚያውቅ አልነበረም። አብቦ ስናየው ጠዋት ወንድ ሆኖ ተገኘ። ዕድል ቀናን።

እሱ እስኪደርስ ግን ብዙ ነገር አለፈ። ወንድሜ ብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ተመለሰ፤ የሰባ ሰባቱ ድርቅ መጣ፤ ከወሎ የመጡ ሠፋሪዎችን የጫኑ መኪናዎች በአስፋልቱ ሲያልፉ ቆመን አየን። ግንቦት 1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። በቀጣዩ ዓመት የሁለቱ ጓሮ ዛፎች አብረው አበቡ፤ እኛ ቤት ያለው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ ያዘ። አባቴ በቀርከሃ ደገፈው።

ፍሬው ከቋጠረ በኋላም ገና ፈተና ነበረብን። አቮካዶ ዛፍ ላይ ሆኖ አይበስልም፤ ይጎለምሳል እንጂ። የሚለሰልሰው ከተቆረጠ በኋላ ነው። በቆላው ቶሎ የሚደርሰው እኛ ብርድ ላይ ዓመት ሊደፍን ይችላል። ልጆች ያለ ጊዜው ቆርጠው ጎማ የመሰለ ነገር ያኝካሉ፤ እናቴ ትቆጣለች። አባቴ አንዱን ቆርጦ ጆንያ ውስጥ ይቀብራል፤ ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌላው ደርሷል ማለት ነው። በመጀመሪያው ለቀማ ሁለቱ ቤቶች ተካፈሉ። ኦቦ ሚስታቸውን ልከው «ዛፉ የጋራ ነው፤ ያለ እኛ ወንድ አትወልዱም ነበር» አሉ። እናቴ ፍሬውን በመሶብ ሞልታ ላከች። ስለ መጥረቢያው ያነሳ አልነበረም።

ያኔ ገበያ አልነበረውም። እናቴ ሻሸመኔ ወስዳ ስትዘረጋው አላፊ አግዳሚው «ምን ያደርጋል?» እያለ ይጠይቃታል። ነገሩን የለወጡት ጁስ ቤቶች ናቸው። አቮካዶው ከሥር፣ ማንጎውና ፓፓያው ከላይ በብርጭቆ ተደራርቦ በማንኪያ የሚበላው ስፕሪስ ሲለመድ ነጋዴ ቤታችን ድረስ መምጣት ጀመረ። የአንድ ዛፍ ፍሬ የእኛን ቤት የትምህርት ቤት ደብተር ችሏል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደ 2000 ዓ.ም. ልምጣ፤ ይህን ትዝታ እንድጽፍ ያደረገኝ እሱ ነውና። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ቀረ። በእኛ በኩል፣ በተለይ ከሻሸመኔ ወደ ሲራሮ፣ ሰው ከክረምት በፊት ያለውን ክፉ ጊዜ የሚሻገረው በበልግ ድንችና በቆሎ ነው። እሱ ሲጠፋ የእህል ዋጋም በዓለም ዙሪያ የናረበት ዓመት ሆኖ ገበያው የማይቀመስ ሆነ። ከዚያ ዘግይቶም ቢሆን ክረምቱ ዘነበ። ምድሩ በአንድ ጊዜ አረንጓዴ ለበሰ። ሕፃናቱ ግን የሚሞቱት ያን ጊዜ ነበር።

ድንበር የለሽ ሐኪሞች ኩየራ ላይ ምግብ አጥተው ለተጎዱ ሕፃናት የማገገሚያ ማዕከል ከፈቱ። እኔ ለነርሶቹ ከኦሮምኛ ወደ አማርኛ አስተረጉም ነበር። ሥራዬ በር ላይ ይጀምራል። የሕፃኑ ክንድ በባለ ቀለም ጥብጣብ ይለካል፤ ጥብጣቡ ቀዩን ካሳየ ይገባል። ከሁሉ የሚያሳስተው ያበጠው ልጅ ነው። ጉንጩ ሞላ ያለ ይመስላል፤ እናቱም «ይሄኛው ደኅና ነው፣ ታናሹን እዩልኝ» ትላለች። ነርሷ የእግሩን ጀርባ በአውራ ጣቷ ተጭና ትይዛለች፤ ስትለቀው ጣቷ ያረፈበት ጎድጉዶ ይቀራል። ያኔ እኔ ለእናቲቱ የምተረጉመው ቃል ይጠፋኛል። ወተቱ በየሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር፣ እየተለካ በኩባያ ይሰጣል። የተራበን ሆድ በአንድ ጊዜ መሙላት ልጁን ሊገድለው እንደሚችል ለእናቶች ማስረዳት ከባዱ ነገር ነበር።

ካሜራ የያዙ እንግዶችም ይመጡ ነበር። ከመኪና ሲወርዱ ዙሪያውን አይተው ግር ሲላቸው አያቸው ነበር፤ የጠበቁት የተሰነጠቀ መሬትና የከብት አፅም ነው። ያገኙት ለምለም በቆሎ ነው። በቆሎው ግን ጉልበት ላይ ነበር፤ እሸት ሊሆን ገና ሁለት ወር ይቀረዋል።

አንዲት ከሲራሮ በኩል የመጣች እናት ልጇ ሲያንቀላፋ ንፋስ ልትቀበል ወጥታ እኛ አጥር ጋ ቆመች። ዛፉን ቀና ብላ ዓይታ «ሙክኒ ኩን ማሊ?» አለች፤ ይህ ዛፍ ምንድን ነው ማለቷ ነው። እናቴ አርጅታለች፤ ዱላዋን ተደግፋ ወጣች። ጓዳ ለስልሶ የተቀመጠ ነበርና ገምሳ፣ ጨው ነስንሳ፣ ከቂጣ ጋር ሰጠቻት። ሴትዮዋ ግማሹን በነጠላዋ ጠቅልላ ለልጇ ልትወስድ ስትል እኔ ከለከልኳት፤ እዚያ ውስጥ ላለ ልጅ ከታዘዘለት በቀር አይሰጥም። ፊቷ ተለወጠ። ደጋግሜ ካስረዳኋት በኋላ ቁጭ ብላ ራሷ በላች። ከዚያ «የእኛም ማሳ እንደዚህ አረንጓዴ ነው፤ የእናንተ ግን ይበላል» አለች። እናቴ ምን አለች ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። የራሷን ተረት በሌላ ሴት አፍ ስትሰማ ምንም አልመለሰችም፤ ገብታ የቀረውን ይዛ መጣች።

ልጇ ዳነ። ከወተቱ ወደ ኦቾሎኒው ልውስ፣ ሁሉም ፕላምፒናት ወደሚለው ተሸጋገረ፤ ከዚያ ቤቱ ሄደ። ሌሎች ያልዳኑ ነበሩ። እኔ የተረጎምኩላቸውን እናቶች ሁሉ ፊት ዛሬ አላስታውስም፤ የበቆሎውን አረንጓዴነት ግን አስታውሳለሁ።

አባቴ ያን ዘመን አላየም፤ ቀደም ብሎ አርፏል። ዛፉ አሁንም አለ። እርግጥ ከዘር የበቀለ ነውና ፍሬው ትልቅ ውኃማ፣ ዘሩም ትልቅ ነው፤ ነጋዴ አይሻማበትም። ከዘር የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ሰባት፣ ስምንት ዓመት ሲበዛም ከዚያ በላይ ያስጠብቃል። ዛሬ ገበያው የሚፈልገው ሐስ የሚባለውን ነው። እሱም ሩዶልፍ ሐስ የተባለ የካሊፎርኒያ ፖስተኛ ከጓሮው ያገኘውና በ1935 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያወጣበት ነው። በእኛ አገር የመልካሳ ግብርና ምርምር ማዕከል ሐስን፣ ፉየርቴን፣ ኤቲንገርን፣ ፒንከርተንን፣ ናባልንና ቤከንን ሞክሮ ለገበሬ አቅርቧል። ቡታጅራ ላይ ደግሞ የተዳቀለ ችግኝ በብዛት ይፈላል። የተዳቀለ ማለት ከታወቀ ዛፍ የተቆረጠ ለጋ ቅርንጫፍ ከዘር በበቀለ ችግኝ ላይ ተሰክቶ የበቀለ ነው፤ በሦስትና በአራት ዓመት ያፈራል። አባቴ ይህን ቢያገኝ ኖሮ ከእናቴ ጋር ያን ያህል ዓመት ባልተከራከረ።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ሲነገር እኔም ኩየራ ላይ አካፋ ይዤ ወጥቼ ነበር። ደስ የሚል ቀን ነበር። ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ ቁጥሩ ይታወጃል፤ አቮካዶም ከሚታደሉት ችግኞች መሐል እየገባ ነው። እኔ ቁጥር አልጠላም። ነገር ግን አረንጓዴ ለብሶ ልጅ የሚቀብር ምድር በዓይኔ አይቻለሁ፤ በአበባ ተሸፍኖ አንድ ፍሬ የማይሰጥ ዛፍ ሥር አድጌአለሁ። ልምላሜ ጥጋብ አይደለም። የተተከለውን የሚቆጥር ሰው የበቀለውን፣ የበቀለውን የሚቆጥር ደግሞ ያፈራውን መቁጠር አለበት።

ስለዚህ ዘንድሮ ችግኝ የምትወስዱ የደጋ ሰዎች ሆይ፣ ለአቮካዶ ብላችሁ ጉድጓድ ከመቆፈራችሁ በፊት የተዳቀለ መሆኑን ጠይቁ። ከአንድ ዓይነት ብቻ አትውሰዱ፤ ጠዋት ሴት ከሚሆነው ሐስ ጋር ከሰዓት ሴት የሚሆነውን ፉየርቴን ወይም ኤቲንገርን ጨምሩ፤ ቦታ ከሌላችሁ ሁለተኛውን ጎረቤታችሁ ይትከለው። ዝቅ ያለውን ቦታ ለውርጩ ተዉለት። ውኃ አታስቁሙበት፤ ቅጠሉን ለላም አትስጡ። በአምስተኛው ዓመት ደግሞ ቀበሌው መጥቶ ስንት ተከላችሁ ብሎ ቢጠይቃችሁ፣ ስንት ለቀማችሁ ብሎ እንዲመዘግብ ንገሩት።